ሱስና የአእምሮ ጤንነት፤ «ዱካክ» ብዬ ስለ ጻፍኩት ሕልም

(በሐዋሳ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ አእምሮ ጤንነትና ከሱስ ስለ መላቀቅ ንግግር እንዳደርግ የጉባኤው አዘጋጆች በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት በሠንጠረዥና በአኃዝ የተደራጀ ጽሑፍ ይዤ ለመቅረብ ነበር። ሁለት ምሽት ከጻፍኩ በኋላ መልሼ ሳነበው ግን፣ እናንተ ከእኔ አብልጣችሁ የምታውቁትን ነገር በድጋሚ የምተርክላችሁ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ያንን ወረቀት ወደ ጎን አድርጌ፣ በዚህችው ከተማ በሕክምና ሥራዬ የፈጸምኩትን አንድ ስሕተት ይዤ ቀርቤአለሁ። የሕሙሙ ማንነት እንዳይታወቅ ስሙንና የትውልድ ቦታውን ትቻለሁ፤ አንዳንድ ሁኔታዎችንም ለውጫለሁ። ስሕተቱን ግን እንዳለ አቀርበዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ከተማይቱ ጥቂት ልበል፤ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች ትናንት ማታ በሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ ያያችሁት የሐዋሳን አንዱን ገጽ ብቻ ነውና። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች፣ በዕድሜ ከብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች ታናሽ የሆነች ከተማ ናት። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለቤት፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደውም መንገድ የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። እንዲህ ያለች ከተማ ወጣቱን ከየገጠሩ ትሰበስባለች። ተማሪው ለፈተና፣ የባጃጅ ነጂው ለሌሊት ሥራ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ለረጅም ጉዞ፣ እንቅልፍ የሚያባርርለትን ነገር ይፈልጋል። የሚፈልገውም ነገር ሩቅ አይደለም፤ በወንዶ ገነትና በአካባቢው የሚበቅለው፣ በለጬ የሚባለው ጫት፣ ከእርሻው ወደ ከተማው ለመድረስ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎና ውኃ አርከፍክፎ በጥድፊያ የሚያመጣበትን ምክንያት ኬሚስቶች የደረሱበት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ተለይቶ የወጣው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ካቲን ወደሚባለው ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ገበሬውና ነጋዴው ግን ይህን ከኬሚስቱ አስቀድመው በእጃቸው ያውቁት ነበር። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ንቃቱ፣ ወሬ ማብዛቱ፣ የማይደረግ ነገር የለም ማሰኘቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በኋላ የሚከተለውም ባዶነት ምንጩ ያው ነው።

እዚህ ላይ በሕዝባችን ቋንቋ መደነቄን ሳልገልጽ አላልፍም። እኛ በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ በረጅም ሐረግ የምንጽፈውን ቃሚው በአንድ ቃል ይጠራዋል። በማለዳ የሚቃመው ኢጃበና ነው። ቀትር ላይ ተሰብስቦ መቀመጡ በርጫ ነው። የደስታው ሰዓት ምርቃና፣ ምርቃናውን ለመስበር በላዩ የሚጠጣው መጠጥ ጨብሲ ነው። ሲቀር የሚመጣው ምኞትና መቅበጥበጥ ሐራራ ይባላል። ያልቃመ ሰው በሌሊት የሚያየው አስፈሪ ሕልም፣ ከላይ የሚጫነውና የሚያስጮኸው ነገር፣ ዱካክ ነው። ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ስቃይ የተሟላ የሕክምና መዝገበ ቃላት ማለት ይህ ነው። እኔን ያሳሳተኝም ከእነዚህ ቃላት አንዱ ነው።

ሰውዬው የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ በደቡቡ መንገድ ለብዙ ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበር። ወደ እኔ ያመጣችው ሚስቱ ናት። በቀን ሁለት ጊዜ ይቅማል፤ ማታ ማታ አረቄ ይጠጣል፤ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል፤ ከሥራው ከተባረረ አምስት ወሩ ነበር። ያን ዕለት በሩ ላይ ከሠላሳ የማያንሱ ሕሙማን ይጠብቁኝ ነበር። ይህን የምለው ሰበብ ለመፈለግ አይደለም፤ ሁላችሁም በር ላይ ያው ሠላሳ ሰው አለና። «ሌሊት ምን ያስጮኽዎታል?» ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ያው ዱካክ ነው፣ ዶክተር» አለኝ። እኔም በካርዱ ላይ «የጫትና የአልኮል ሱስ፤ ዱካክ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም «መጀመሪያ ጫቱንና መጠጡን ይተዉ፤ ከወር በኋላ ይምጡና የቀረውን እናያለን» ብዬ ሰደድኩት። ለአንድ ማገገሚያ ተቋምም ደብዳቤ ጻፍኩለት። ተቋሙ ደግሞ «አእምሮው የተረበሸ ስለሆነ በቅድሚያ የአእምሮ ሕክምናውን ይጨርስ» የሚል መልስ ሰጥቶ መለሰው። ሰውዬው በሁለት በሮች መካከል ቀረ ማለት ነው፤ አንደኛውን በር የዘጋሁት ግን እኔው ነኝ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ «መጀመሪያ ሱሱን ይተው» የሚለው አባባል ፈጽሞ መሠረት የለውም ብዬ አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1988 ብራውንና ሹኪት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለአልኮል ሕክምና ሆስፒታል የገቡ ወንዶችን መርምረው ነበር። ሲገቡ ከመቶ 42ቱ ከባድ የድብርት ምልክት ይታይባቸው ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ያለ ድብርት መድኃኒት፣ ምልክቱ የቀረባቸው ከመቶ 6 ብቻ ሆነው ተገኙ። መጠጡ ራሱ ያመጣው ድብርት ከመጠጡ ጋር ይሄዳል ማለት ነው። በጫትም በኩል፣ አብዝቶ የሚቅም ሰው ድምፅ መስማትና መጠራጠር ሲጀምር፣ ጫቱ ሲቋረጥ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሲሻለው ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ታግሦ መመልከት ተገቢ ጥበብ ነው። ነገር ግን ታግሦ መመልከትና በር ዘግቶ መጠበቅ የተለያዩ ናቸው። ብራውንና ሹኪት እነዚያን አራት ሳምንታት የቆጠሩት በሽተኞቹ በአልጋ ላይ እያሉ፣ ምግብና ጠባቂ ሳይለያቸው ነው። እኔ ግን ያንኑ አራት ሳምንት ሕሙሙ ብቻውን፣ ጫት በሚሸጥበት ሰፈር፣ ከሕልሙ ጋር እንዲቆጥረው ነበር ያዘዝኩት።

ከዚህም ሌላ፣ ከመቶ 6 የሆኑት እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤድዋርድ ካንትዚያን የተባለ የአእምሮ ሐኪም ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ ይረዳናል። ሰው ለሱስ የሚገዛው ደስታን ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ስቃይን ለማስታገስም ነው፤ የሚመርጠውም ሱስ ብዙ ጊዜ ለስቃዩ የሚስማማውን ነው የሚል ነው። ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ እኔም በሁሉም ሕሙማን ላይ ይሠራል አልልም። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ልክ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ከሕመሙ ውጪ ያለውን ኑሮ እንድናይ ያስገደደንም ሌላ ጥናት አለ። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ተከታትላ ነበር። በዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት መካከል አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየች። ሄሮይን እንዲህ በቀላሉ የሚተው ነገር ሆኖ አይደለም፤ ጦርነቱ፣ ፍርሃቱና የሰፈሩ ጓደኝነት በኋላ ስለ ቀሩ ነው። የእኛ ሹፌር ግን ጦር ሜዳውን ትቶ የሚመለስበት አገር አልነበረውም። ጦር ሜዳው ሌሊት ሌሊት ወደ እርሱ ይመጣ ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሰውዬው ቃሉን ጠብቆ ጫቱንም መጠጡንም ተወ። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም ሳይርቅ ወደ ሐይቁ ሲገባ ለሥራ የወጡ ዓሣ አጥማጆች አይተው አወጡት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልናገርም። እነዚያን ዓሣ አጥማጆች ግን በዚህ ጉባኤ ፊት ማመስገን ይገባኛል፤ እኔ ከጻፍኩት ካርድ ይልቅ የእነርሱ ታንኳ ጠቅሞታልና።

ሆስፒታል በተኛ በሦስተኛው ቀን አብራኝ የምትሠራው ሲስተር አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ እኔ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ጠየቀችው። «ዱካኩ ምን ይመስላል? ምን ያሳይዎታል?» አለችው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑን ነገራት። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የመንገድ መታጠፊያ ላይ ከፍየሎቿ ኋላ ሮጣ የገባች አንዲት ሕፃን በመኪናው ሥር ሞታ ነበር። ፍርድ ቤት ጥፋት አላገኘበትም፤ ሽማግሌዎችም ካሣ አስከፍለው ከቤተሰቧ ጋር አስታርቀውታል። ጉዳዩ በሕግም በባህልም ያለቀ ስለሆነ ስለ እርሱ ማንሣት ነውር መስሎት ለሚስቱ እንኳ ሕልሙን አልነገራትም። ጫቱን ያበዛው መንገዱ ረዝሞበት አይደለም። እንዳይተኛ ነው፤ ከተኛ ሕፃኗ ትመጣለችና። አረቄውን የሚጠጣው ደግሞ ሰውነቱ ሲዝልና መተኛት ግድ ሲሆንበት፣ ሕልም በሌለበት ጥልቀት ለመተኛት ነበር። ይህ ሰው ጫቱን ቢተው የሚመጣበትን ያውቅ ነበር። እኔ አላወቅሁም። አሥራ አንድ ቀን የቻለውም ለእኔ ትእዛዝ ሲል መሆኑ ይብስ ያሳፍረኛል።

ዱካክ እውነተኛ ነገር ነው። ጫት ያቋረጠ ሰው ሌሊቱ ይረበሻል፤ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ የምከተለው ልማድ ሕልሙን ማስነገር ነው። በየሌሊቱ መልኩን የሚለዋውጥና በሳምንት ውስጥ የሚደበዝዝ ከሆነ እንደ ዱካክ እይዘዋለሁ። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ እየደጋገመ የሚመጣ ከሆነ፣ ደግሞም ሰውዬው ጫት ከመጀመሩ ወይም ከማብዛቱ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ ሕመም አስባለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ወንበርና ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ አለ፤ እኔ ያገኘሁት መልስ ሲስተሮቻችን ከእኛ ይልቅ በደንብ እንደሚጠይቁ አምኖ ጊዜውን ለእነርሱ መስጠት ነው።

በዚህ በሲዳማ ምድር ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ «አፊኒ» የሚሉት ሥርዓት እንዳላቸው አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ትርጓሜው «ሰምታችኋልን?» እንደ ማለት ነው፤ ጉዳዩ ለሁሉም ተነግሮ፣ ሁሉም ሰምቶ ሳይጨርስ ፍርድ አይሰጥም። ይህን ያነሣሁት ንግግሬን በባህል ለማስጌጥ አይደለም። ይህን ታሪክ በሰሙ በማግስቱ አንድ የሲዳማ አዛውንት ባልደረባዬ «ታዲያ አንተ ሳትሰማ ነው የፈረድከው» ስላሉኝ ነው።

የሁለቱ በሮች ነገር የእኔ ብቻ ጉድለት ሆኖ ቢሆን እዚህ ባላቀረብኩትም ነበር። የአገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለብዙ አሠርት ዓመታት የአንድ ሆስፒታል ታሪክ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል መላ አገሪቱን ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያ ጥበት ውስጥ የታሰረውንና የጮኸውን ማስቀደም ግድ ነበር፤ ሱሰኛው የጠባይ ብልሹ ተደርጎ ለጠበሉ፣ ለፖሊሱና ለእናቱ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በጊዜው ጫት ቃሚዎች መሆናቸውን ሲያመለክት፣ ነገሩ የጥቂት ብልሹዎች ጉዳይ እንዳልሆነ ግልጽ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ጤና ሠራተኞች ያዘጋጀው መመሪያም የሱስንና የአእምሮ ሕመምን ምዕራፎች በአንድ ጥራዝ ያስቀመጠው አለ ምክንያት አይደለም፤ አገራችንም መመሪያውን በመሞከር ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ጥራዙ አንድ ነው፤ በሮቻችን ግን ሁለት ናቸው።

ስለ ጫት ይህን ያህል ከተናገርኩ፣ «ታዲያ ለምን አይከለከልም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በየጉባኤው ይመጣል። ቡናውንና እንሰቱን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ይህን ያደረገው ልጆቹን ለማስተማር ነው፤ ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላለች፤ በእኛ አገር ግን እገዳ የሹፌሩን ሕልም የሚያስቀር አይመስለኝም። ወደ አረቄው ብቻ ይገፋው ይሆናል። በመጠጥ በኩል በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማገዱና ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ማዘዙ ግን መልካም ሥራ ነው። ይህን ጉዳይ በዚሁ ልለፈው።

ስለ አረቄው አንድ የጥንቃቄ ቃል ሳልናገር አላልፍም፤ በመካከላችን ወጣት ባልደረቦችም አሉና። ጫትን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ሰውነትን አይገድልም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው ግን መጠጥን በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ ሊነሣበት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማም ሊቃዥና ሊሞት ይችላል። «ይተዉና ይምጡ» ብዬ ሰውዬውን ስሰደው ይህንን አደጋ ጭምር ወደ ቤቱ ሰድጄዋለሁ። ዳያዜፓምና የቫይታሚን ቢ-1 መርፌ ብርቅ መድኃኒቶች አይደሉም። ቢ-1ን ከግሉኮስ አስቀድሞ መስጠት እንደሚገባም ተማሪዎቻችን በቃላቸው ይመልሳሉ። የጎደለው መድኃኒት አልነበረም።

ሕክምናውን እንዴት እንዳደረግን ባጭሩ ልንገራችሁ። በሆስፒታል ሳለ መጠጡን በመድኃኒት እየታገዘ አቆመ፤ ለድብርቱ ፍሉክሰቲን ጀመርንለት። ሁለቱንም ሕመም አንድ ቡድን፣ በአንድ ካርድ፣ በአንድ ቀጠሮ ያዘ። ለአደጋው ትዝታ የተጠቀምንበት ዘዴ በኡጋንዳ በነበሩ ስደተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው፣ ሕሙሙ የሕይወቱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል እንዲናገር የሚያደርገው ሕክምና ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል። ሕሙሙ ለክፉው ቀን ድንጋይ፣ ለመልካሙ ቀን አበባ ያስቀምጣል፤ ያልተኖረው ዘመን ደግሞ በገመዱ ጫፍ እንደ ተጠቀለለ ይቀራል። ሹፌራችን ገመዱን ሲያይ «ይህማ መንገድ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገንም። የልጆቹን መወለድ በሁለት አበባ አስቀመጠ። ድንጋዩን ለማስቀመጥ ግን ሦስት ቀጠሮ ፈጀበት፤ በእጁ ይዞ ይመጣና ይዞት ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ባስቀመጠው ዕለት ሚስቱ አብራው እንድትቀመጥ ጠየቀ፤ ታሪኩንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርሷ ነገራት።

ቤተሰብና ጎረቤት ያለው ድርሻ ከእኛ ያነሰ አይደለም። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1935 አክሮን በተባለች ከተማ የጀመሩት የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው እርስ በርስ ከመጨዋወት የተነሣ ነው። በእኛ በኩል ዕድሩ፣ የንስሐ አባቱ፣ ጠበሉ፣ የመስጊዱ ጀመዓ ሁሉ ለዚህ ዓይነት መሰባሰብ የተሰናዱ ናቸው። ሰውዬው ጠበል መሄድ ሲፈልግ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲሄድ ተስማማን፤ ንስሐ አባቱም አልተቃወሙም። ከሁሉም ከባድ የሆነበት የቀትሩ ሰዓት ነበር። በርጫ ከጓደኛ ጋር የሚያስቀምጥ ቦታም ስለሆነ፣ ጫቱን የተወ ሰው ጓደኞቹንም ተሰናብቷል ማለት ነው። ይህን ባዶ ሰዓት የሚሞላ ነገር ሳናዘጋጅ ሰውን ከበርጫ ማስነሣታችን ትልቁ ድክመታችን ይመስለኛል። እርሱ ሰዓቱን የሞላው አንድ ዘመዱ ጋራዥ ውስጥ በነፃ እየሠራ ነው፤ ይህም የእኛ ውጤት ሳይሆን የዘመዱ ነው።

ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ያማረ እንዳይመስላችሁ፣ ሱሱ ሁለት ጊዜ አገርሽቶበታል፤ አንደኛው በለቅሶ ቤት፣ ሁለተኛው ሥራ ፈልጎ ባጣ ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ በራሱ እግር መጣ፤ እኛም አልቆጣነውም። ሕልሙ ቀርቷል አይልም፤ በወር አንድ ጊዜ ያህል ሕፃኗን ያያታል፤ ነገር ግን ይነቃና ውኃ ጠጥቶ ይተኛል። ጫት ካቆመ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል።

አሁን ደግሞ ወደ መንገዱ መመለስ ይፈልጋል። ለመንጃ ፈቃድ እድሳት የጤና ማረጋገጫ ወረቀት እንድፈርምለት ባለፈው ወር ይዞ መጥቶ ነበር። ሌላ ሙያ የለውም፤ ጋራዡም ደመወዝ አይከፍለውም። በአንድ በኩል መሪ መያዝ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል ብዬ እፈራለሁ፤ ሌሊት የሚነዳ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የሚያባርርለትን ነገር ይሻል። በሌላ በኩል አንድ ጊዜ ሳልሰማ ዘግቼበታለሁ። ለቀን ሥራና ለአጭር ጉዞ ብቻ ብዬ ልፈርምለት አስቤ፣ እንዲህ ያለውን ገደብ አሠሪው ያከብረዋል ወይ የሚለው አስቸግሮኛል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቀጠሮው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት የፈረመ ወይም አልፈርምም ያለ ካለ፣ በሻዩ ሰዓት ቢያነጋግረኝ ወሮታውን አልረሳም።